የቤት ውስጥ ጃኩዚ፦ የሚፍለቀለቀው ውሃ ንጹሕ ነው ወይ?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የቤት ዕቃ የሚመስል፣ ነገር ግን በቀጥታ ጤናችንን የሚነካ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ርዕሱ ብዙዎቻችን «ጃኩዚ» ብለን የምንጠራው፣ ውሃን እያሞቀና በግፊት እየረጨ ሰውነትን የሚያሽ ገንዳ ነው።

ይህ ገንዳ ቀድሞ በትላልቅ ሆቴሎች ብቻ የሚታይ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ቪላዎችና አፓርታማዎች መታጠቢያ ቤት ተገጥሞ ይገኛል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቤት ሲገዙ ጓሮው ውስጥ ተተክሎ የሚጠብቃቸው ጊዜ አለ። ሌላው ደግሞ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ለሚያማቸው እናቱ ወይም አባቱ ብሎ አስቦ ይገዛዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ለወላጅ በጎ መዋል ትልቅ ዒባዳ ነውና። ይሁን እንጂ በአግባቡ ያልተያዘ ገንዳ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እነዚሁኑ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን ነው። ስለዚህ ገንዳውን ከመግዛታችን በፊት፣ ገዝተንም ከሆነ ከመግባታችን በፊት ማወቅ የሚገባንን ነገር ቀጥለን እናያለን።

ጃኩዚ ከየት መጣ?

«ጃኩዚ» በመጀመሪያ የቤተሰብ ስም ነው። ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ የውሃ ፓምፕ የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። ከወንድሞቹ አንዱ የሆነው ካንዲዶ ጃኩዚ፣ ሕፃን ልጁ መገጣጠሚያን በሚያሳብጥ የሩማቲዝም በሽታ ይሠቃይ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የውሃ ሕክምና እንዲያገኝ በማሰብ በተራ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውሃውን በግፊት የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ አሠራ። ይህ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ቀረበ። ፓምፑና የግፊት ቀዳዳዎቹ ከገንዳው ጋር አብረው የተሠሩበት ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ተከተለ። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ለቅንጦት ሳይሆን ለታመመ ልጅ ሲባል ነው።

ዛሬ በአንድ ስም የምንጠራቸው ገንዳዎች ግን በሁለት ይከፈላሉ። ልዩነታቸውን ማወቅ ለጤና ወሳኝ ነው።

አንደኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚገጠመው ነው። ይሞላል፣ ሰው ይታጠብበታል፣ ከዚያም ይፈሳል። በአገራችን በብዛት ያለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ጓሮ ወይም በረንዳ ላይ የሚቀመጠው፣ ከአራት እስከ ሰባት ሰው የሚይዘው ትልቅ ገንዳ ነው። ይህኛው ተጠቅመውበት አይደፋም። ያው ውሃ በፓምፕ እየዞረ፣ በማጣሪያ እያለፈና እየሞቀ ለሳምንታት ይቆያል። የዛሬው ጽሑፋችን በአብዛኛው የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው።

ፍል ውሃ እና ጃኩዚ አንድ አይደሉም

ሙቅ ውሃ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በፍል ውሃው ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትና ሌሎችም ፍል ውሃዎች ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከሩቅ የሚሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጃኩዚን «በቤት ውስጥ ያለ ፍል ውሃ» አድርጎ ያየዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምንጭ ከመሬት ይወጣል፣ ያልፋል፣ በእርሱ ቦታ አዲስ ውሃ ይተካል። ጃኩዚ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ምንም ያህል ቢፍለቀለቅ ከገንዳው አይወጣም። የትናንቱ ላብ፣ የትናንቱ ቅባት፣ የትናንቱ ቆዳ ዛሬም እዚያው ነው። ውሃው ስለሚንቀሳቀስ የሚፈስ ይመስላል እንጂ የቆመ ውሃ ነው።

በፊቅህ ትምህርት የጠሃራን ምዕራፍ የተማረ ሰው በሚፈስ ውሃና በቆመ ውሃ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ውስጥ ሸንቶ ከዚያ መልሶ በውስጡ መታጠብን ከልክለዋል። የቆመ ውሃ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ከጥንት ጀምሮ ተምረናል። ጃኩዚ ደግሞ የቆመ ብቻ ሳይሆን የሞቀም ነው፤ ብዙ ተሕዋስያን የሚመቻቸው ለብ ያለና ሞቅ ያለ ውሃ ነው።

ስፋቱንም እናስተውል። አራት ሰው 1200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ቢቀመጥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 300 ሊትር ነው። በትልቅ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ግን ለአንድ ሰው በብዙ ሺህ ሊትር የሚቆጠር ውሃ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ሙቀቱና የውሃው መናወጥ ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን ቶሎ ያባክኑታል። ስለዚህ ሙቅ ገንዳ ከመዋኛ ገንዳ የበለጠ ክትትል ይፈልጋል።

የማይታየው አደጋ፦ ሊጅዮኔላ

ካልተያዘ ገንዳ ሊመጡ ከሚችሉ በሽታዎች ሁሉ ከባዱ ሊጅዮኔላ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላዴልፊያ ከተማ በተካሄደ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ ብዙ ሰዎች ባልታወቀ የሳንባ ሕመም ታመው በመሞታቸው ነው። ባክቴሪያው ራሱ የተለየው በቀጣዩ ዓመት ነበር።

ሊጅዮኔላ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውሃ ውስጥ በደንብ ይራባል። የጃኩዚ ሙቀት ልክ በዚህ መካከል ይወድቃል። ሰው የሚታመመው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን ከሚፍለቀለቀው ውሃ የሚነሣውን ረቂቅ ጉም በመተንፈስ ነው። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ያልገባ ሰው እንኳ አጠገቡ በማለፉ ሊታመም ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድ በተካሄደ የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ለማሳያ ከቀረበ ሙቅ ገንዳ በተነሣ ጉም ምክንያት ከ30 ያላነሱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዕቃ ሊያዩ የመጡ ጎብኚዎች እንጂ ገላቸውን የታጠቡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት በተካሄደ ባዛር፣ ለሽያጭ ማሳያ ከቀረቡ ሙቅ ገንዳዎች ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ ከ130 በላይ ሰዎች ታመው አራቱ ሞተዋል።

የበሽታው ምልክት ሳል፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመምና ራስ ምታት ነው። ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ከገባ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። በይበልጥ የሚያጠቃው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ሲጋራ የሚያጨሱትን፣ የቆየ የሳንባ በሽታ ያለባቸውንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመውን ነው። ከሚያዙት ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል ይሞታል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ስለዚህ ጃኩዚ የተጠቀመ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ካየ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ «ከጥቂት ቀናት በፊት ሙቅ ገንዳ ገብቼ ነበር» ብሎ መናገር አለበት። ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ተራ የሳንባ ምች ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ከዚህ ቀለል ያለው፣ ግን በብዛት የሚያጋጥመው የቆዳ ሽፍታ ነው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ የጸጉር ሥሮችን ያስቆጣና የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው ከገንዳው ከወጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል፤ ባክቴሪያውን የያዘው እርጥብ ልብስ ቆዳ ላይ ስለሚቆይም ልብስ በሸፈነው የሰውነት ክፍል ላይ ይበረታል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ሐኪም ማየት ይገባል።

ከመግዛታችን በፊት

አንድ ቤተሰብ ጃኩዚ ሲገዛ በአብዛኛው የሚያየው ቀለሙን፣ መብራቱንና የግፊት ቀዳዳዎቹን ብዛት ነው። እኛ ደግሞ የሚከተሉትን እንዲያይ እንመክራለን።

ክብደቱ፦ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 1200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1200 ኪሎ ነው። የገንዳው የራሱ ክብደትና የሚገቡበት ሰዎች ሲደመሩ ከአንድ ቶን ተኩል ያልፋል። ስለዚህ መሬት ላይ በደንብ የተደለደለ ኮንክሪት ይፈልጋል። በፎቅ በረንዳ ወይም በእንጨት መድረክ ላይ ከማስቀመጥ በፊት መሐንዲስ ማየት አለበት።

ኤሌክትሪኩ፦ ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ቀልድ የለም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ብሬከርና በትክክል የተሠራ የመሬት መስመር የግድ ያስፈልጋል። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። ማራዘሚያ ገመድ አይፈቀድም። ከአሜሪካ ጭነው ወደ አገር ቤት ለሚልኩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዕቃዎችም በ120 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ የእኛ 220 ነው። ቮልቱን ብቻ በትራንስፎርመር ማስተካከል ለፓምፑ በቂ አይደለም። ሻጩ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ እንደሚሠራ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አለመግዛት ይሻላል።

ማጣሪያውና ክዳኑ፦ ማጣሪያው በቀላሉ የሚወጣ፣ የሚታጠብና መለዋወጫው የሚገኝ ይሁን። መለዋወጫው አገር ውስጥ የማይገኝ ገንዳ በዓመቱ ትልቅ የቆሻሻ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። ክዳኑ ወፍራም፣ ሙቀት የሚይዝና የሚቆለፍ ይሁን። ጥሩ ክዳን የመብራት ወጪን ይቀንሳል፤ ከሁሉም በላይ ግን ልጅን ከመስጠም ይከላከላል።

በአየር የሚነፋው፦ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ብዙዎች ይገዙታል። ማጣሪያው አነስተኛ፣ ማሞቂያውም ደካማ ስለሆነ የበለጠ ክትትል እንጂ ያነሰ ክትትል አይፈልግም። ርካሽነቱ ሊያዘናጋን አይገባም።

ያገለገለ ገንዳ፦ ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆመ ገንዳ በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚያሙለጨልጭ የተሕዋስያን ንጣፍ ይሠራል። ባክቴሪያ ከክሎሪን ተደብቆ የሚኖረው በዚህ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቤት ስንገዛ ጓሮው ውስጥ የምናገኘውን ገንዳ ውሃ ሞልተን ዘው ማለት የለብንም። መጀመሪያ ለቧንቧ ማጽጃ በተሠራ ኬሚካል አሽከርክሮ፣ አፍስሶ፣ አጥቦ፣ አዲስ ማጣሪያ አድርጎ እንደ ገና መሙላት ያስፈልጋል።

የውሃና የመብራት ሁኔታ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ገንዳ መያዝ ከባድ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ማጣሪያው አይሠራም፤ ክሎሪኑም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ውሃው ግን ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። መብራት ከመጣ በኋላ ውሃው ተለክቶ እስኪስተካከል ድረስ ማንም ሊገባበት አይገባም።

ዋናው ሥራ፦ ውሃውን መለካት

ገንዳውን ገንዘብ ይገዛዋል። ጤናማ አድርጎ የሚያቆየው ግን በየጊዜው የሚለካ እጅ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ሊጅዮኔላ በዓይን አይታይም። በአንጻሩ የክሎሪን ሽታ መብዛቱም የንጽሕና ምልክት አይደለም። ያ የሚያቃጥል ሽታ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ መዳከሙን የሚያሳይ ነው።

መለኪያው ወረቀት በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ ነው። ውሃው ውስጥ ተነክሮ የሚለወጠው ቀለም ከማሸጊያው ላይ ካለው ቀለም ጋር ይነጻጸራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል ለሙቅ ገንዳ የሚመክራቸው ልኮች የሚከተሉት ናቸው።

ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ 3 ሚሊ ግራም። በክሎሪን ፋንታ ብሮሚን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከ4 እስከ 8 ፒፒኤም።

ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ ከ7.0 እስከ 7.8። ፒኤቹ ከዚህ ሲያልፍ ክሎሪኑ ቢኖርም ጀርም የመግደል ኃይሉ ይደክማል። ሲያንስ ደግሞ ዓይንና ቆዳን ያቃጥላል፣ ብረቱንም ይበላል።

ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ104 ፋራናይት እንዳይበልጥ።

ይህን ልኬት ሰው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሎሪን ሲገዛ ሳያኑሪክ አሲድ የተቀላቀለበት እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ አሲድ ክሎሪኑን ከፀሐይ ቢከላከልለትም ጀርም የመግደል ፍጥነቱን ስለሚያዘገየው ማዕከሉ ለሙቅ ገንዳ አይመክረውም።

የቀረው እንክብካቤ በየጊዜው ይከፋፈላል። ማጣሪያው በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በውሃ ግፊት ይታጠባል፤ በየወሩ ገደማ በማጣሪያ ማጽጃ ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ሲያረጅም ይቀየራል። በውሃው መስመር ልክ በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ቅባት ይጠረጋል። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ይታጠባል፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ውሃው ራሱ መቼ ይቀየር? ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ገንዳው የሚይዘውን ሊትር ለ12 እናካፍላለን፤ ውጤቱን ደግሞ በቀን ለሚገቡት ሰዎች ብዛት እናካፍላለን። የሚመጣው ቁጥር ውሃው የሚያገለግልበት የቀን ብዛት ነው። ለምሳሌ 1200 ሊትር ለ12 ሲካፈል 100 ነው። በየቀኑ ሁለት ሰው ቢገባ 50 ቀን፣ አራት ሰው ቢገባ 25 ቀን ይሆናል። በጥቂቱ የሚጠቀም ሰውም ቢሆን ከሦስት እስከ አራት ወር በላይ ባያቆየው ይመረጣል።

ኬሚካሉን በተመለከተ ሦስት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ኬሚካል ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ኬሚካል አይጨመርም። ሁለተኛ፣ ክሎሪንን ወይም በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የተለያዩ የክሎሪን ዓይነቶችንም እርስ በርስ መቀላቀል አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ልጅ በማይደርስበት፣ ደረቅና ነፋሻ ቦታ በየራሱ ዕቃ ይቀመጥ። ወደ ምግብ ወይም ውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚገጠመው ጃኩዚ ያላቸው ቤተሰቦችም ሥራ አላቸው። ገንዳው ቢፈስም በቧንቧዎቹ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከግፊት ቀዳዳዎቹ በላይ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ ጥቂት በረኪና ጨምሮ፣ መስኮት ከፍቶ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም አፍስሶ በንጹሕ ውሃ ደግሞ ማጠብ ይገባል። ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ከሆነ ይህን ሳያደርጉ መግባት አይገባም።

ማን ይግባ? ማን አይግባ?

ሙቅ ውሃ የደከመ ጡንቻን ያዝናናል፣ የመገጣጠሚያ ግትርነትን ያላላል። ከመኝታ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በሙቅ ውሃ መታጠብ እንቅልፍ ቶሎ እንዲመጣ ይረዳል። ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ነፍሰ ጡር እናቶች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ መግባት የለባቸውም። የእናቲቱ የውስጥ ሙቀት ከ39 ዲግሪ ማለፉ በጽንሱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ላይ ጉዳት ከማድረስ ጋር ተያይዟል። ገና እርግዝናዋን እርግጠኛ ያልሆነች እህትም ብትጠነቀቅ ይሻላል።

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አይገቡም፤ ሰውነታቸው ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ይግላል። ከዚያ በላይ ያሉትም ለአጭር ጊዜ፣ በቀነሰ ሙቀትና አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ ነው።

የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ግፊታቸው ዝቅ የሚል ሰዎች መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ድንገት ሲነሡም ራስን ሊያስት ይችላል። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ስለሆነ ከዚህ ሙቀት ጋር ማገናኘት በልብ ላይ ጫና መደራረብ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ወላጆቻችን እግራቸው የመሰማት አቅሙ ደክሞ ከሆነ ውሃው ሲያቃጥላቸው ላያውቁት ይችላሉ። ለእነርሱ ሙቀቱን የሚለካላቸው ሌላ ሰው ይኑር።

የተከፈተ ቁስል ያለበት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ለራሱም ለቤተሰቡም ሲል ይቆይ።

ጤነኛ አዋቂም ቢሆን ከ15 ደቂቃ በላይ ባይቆይ፣ ቀስ ብሎ ቢነሣ፣ ከወጣ በኋላም ውሃ ቢጠጣ ይመረጣል። በረመዳን ቀን ጾመኛ ሆኖ በሙቅ ገንዳ ውስጥ መቆየት ሰውነት በላብ ውሃ እንዲያጣ ስለሚያደርግ ከኢፍጣር በኋላ ምግቡ እስኪወርድ ጠብቆ መግባት ይሻላል። ብቻን መግባት፣ በተለይ ለአዛውንት፣ አይመከርም።

ልጆችና የመምጠጫው ቀዳዳ

በገንዳው ግርጌ ወይም ጎን ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ አለ። የመሳብ ኃይሉ ከምንገምተው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ግዛት የ7 ዓመት ልጅ በዚህ ቀዳዳ ተይዛ በሙቅ ገንዳ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። ልጅቷ የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጀምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 በስሟ የተሰየመ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም በአሜሪካ የሚሸጡ የመምጠጫ ክዳኖች ሰውነትንም ሆነ ጸጉርን እንዳይዙ ሆነው እንዲሠሩ ያስገድዳል።

ስለዚህ ገንዳ ስንገዛ የመምጠጫው ክዳን ይህን ደረጃ ያሟላ መሆኑን እንጠይቅ። ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ የላላ ወይም የወለቀ ከሆነ ገንዳው እስኪጠገን ድረስ ይዘጋ። ፓምፑን በአንድ እጅ ማጥፋት የሚቻልበት ማብሪያና ማጥፊያ የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ይወቅ። ልጅ በድምፅ አልባነት ይሰጥማል፤ ጩኸት እስክንሰማ ከጠበቅን ዘግይተናል። ገንዳው በማይጠቀሙበት ጊዜ ሁሉ ተከድኖ ይቆለፍ።

አለባበስ፣ አደብና ንጽሕና

በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚያያዙ ጉዳዮች አሉ። ዐውራን መሸፈን በገንዳ ውስጥም አይቀርም። ስለዚህ ገንዳው ከጎረቤት ዓይን በተከለለ ቦታ ይቀመጥ፤ ለወንዶችና ለሴቶች እንግዶችም ተራ ይኑር።

ስለ ልብሱ ግን የጤና ምክር አለን። ሰፊና የተንዘረፈፈ ጨርቅ፣ ሻሽ፣ ክር ወይም ማሰሪያ በመምጠጫው ቀዳዳ ሊያዝ ይችላል። የተሸፈነ፣ ነገር ግን ሰውነት ላይ ሰብሰብ ያለና ለውሃ የተሠራ ልብስ ይመረጣል። ረጅም ጸጉር ያላቸው እህቶችና ሴት ልጆች ጸጉራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ይሰሩት፤ ማንም ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ አይንከር። ልብሱ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ገንዳው በአረፋ ይሞላል፤ የጥጥ ልብስ ብናኝም ማጣሪያውን ይደፍናል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ገላን መታጠብ ነው። የጸጉር ቅቤ፣ ዘይት፣ ሎሽን፣ ሽቶና ላብ ክሎሪኑን ይበሉታል። ለአንድ ደቂቃ ያህል እንኳ በሻወር ተለቅልቆ የገባ ሰው ለቤተሰቡ ውሃ ትልቅ ውለታ ይውላል። ልጆችም ከመግባታቸው በፊት ሽንት ቤት ይሂዱ።

ሌላው የኢስራፍ ጉዳይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ፣ በአንድ ሷዕ ውሃ ደግሞ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ሁለት እጆች ተገጥመው የሚይዙት ያህል ሲሆን ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ወደ ሦስት ሊትር ገደማ ይገመታል። ከዚህ አንጻር ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ የሚጠይቅ ገንዳን የሚገዛ ሰው ጥቅሙን፣ ወጪውንና የሰፈሩን የውሃ እጥረት አመዛዝኖ ቢወስን መልካም ነው። ለወላጅ ሕመም ማስታገሻ መሆኑና ለታይታ መሆኑ እኩል አይደሉም።

በመጨረሻም

ጃኩዚ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቅርብ። አንደኛ፣ ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ ውሃውን የሚለካው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ኬሚካሉና ማጣሪያው በቅርባችን ይገኛል ወይ? ሦስተኛ፣ መብራትና ውሃ ያለማቋረጥ ይኖራል ወይ? «አንድ ሰው ያየዋል» የሚባል ከሆነ ማንም አያየውም ማለት ነው። የሰውየው ስም ተለይቶ ካልታወቀ፣ መለኪያውም እቤት ከሌለ መግዛቱን ማቆየት ይበጃል።

ለእናት ጉልበት ሕመም ሲባል ከሆነ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ። በንጹሕ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ እግርን ለሩብ ሰዓት መንከር፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉልበት ላይ ማድረግ፣ ወይም በወንበር ተቀምጦ ሞቅ ያለ ሻወር መውሰድ ሕመሙን ያስታግሳል። ውሃውም ተጠቅመውበት ይደፋል። ለነገ የሚቆይ ጀርም የለበትም።

ገንዳው ያላቸው ወገኖቻችን ግን ዛሬውኑ መለኪያ ወረቀት አውጥተው ውሃቸውን ይለኩ፤ የመምጠጫውን ክዳን ይፈትሹ፤ የገንዳውን ክዳን ይቆልፉ። ጤና አላህ በአደራ የሰጠን ጸጋ ነው፤ አደራን መጠበቅ ደግሞ የሙእሚን ባሕርይ ነው። አላህ ለታመሙት ሺፋእ፣ ለጤነኞቹ ዓፊያ ይስጥልን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።